ብርሃን የበላው ቅጠል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ከቀትር በኋላ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረገው ንግግር)



ዛሬ ጧት ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ በቀኝ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ «በከተማችን ግቢዎች የሚገኙ ዛፎች» በሚል አርእስት የተሰቀሉትን የቅጠል ፎቶግራፎች ሳታዩ አልቀራችሁም። ቦታው የተዘጋጀው ለ12 ፎቶግራፍ ነበር፤ የተሰቀሉት ግን 11 ናቸው። በአራተኛው ቦታ «ኮሶ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ተለጥፎ ከበላዩ ባዶ ነው። ከጧት ጀምሮ ብዙ ሰዎች «ወድቆ ነው ወይስ ተሰርቆ?» እያሉ ጠይቀውኛል። አንድ አባትማ «ምነው፥ ኮሶውን ጠጣችሁት እንዴ?» ብለው ሁላችንንም አስቀውናል። ፎቶግራፎቹን ያነሣሁት እኔ ስለሆንሁ፥ የክበባችን መምህር «እንግዲያው መልሱን አንተው ስጥ» ብለው ይህን ጊዜ ፈቀዱልኝ። ስለዚህ የምናገረው ስለ አንድ ባዶ ቦታ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ወር ነው። ከመካነ ሰላም ዳር በሚገኝ አንድ ግቢ ውስጥ አሮጌ የኮሶ ዛፍ እንዳለ ሰምቼ፥ ባለቤቱን አስፈቅጄ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሄድሁ። ፀሐይዋ ወደ ዓባይ በረሓ አዘቅዝቃ ዛፉን ከጀርባው ታበራዋለች። ከታችኛው ቅርንጫፍ አንዱ ቅጠል ብቻውን ወጣ ብሎ፥ ከኋላው ጭስ ያጠቆረው የማድ ቤት ግድግዳ ይታያል። ቅጠሉ ልክ ውስጡ ኩራዝ የተለኮሰበት ይመስል ነበር። በስልኬ 3 ጊዜ አነሣሁት። በስልኩ ትንሽ መስተዋት ላይ ሳየው እጅግ አማረኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ተሰናብቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ ግን ፎቶግራፎቹን በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ አስፍተን ስናያቸው የቅጠሉ ዳር በሙሉ ነጭ ሆኖ ተገኘ። መሐሉ አረንጓዴ ነው፤ ወደ ዳሩ ሲሄድ ቢጫ ይሆንና መጨረሻው ላይ እንደ ወረቀት ነጥቶ ይጠፋል። የባዮሎጂ መምህራችን መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጄ፥ ይህ ኮሶ መሆኑን በምን ልወቅ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የኮሶ ቅጠል በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ከተሰለፉ ትንንሽ ቅጠሎች የተሠራ ነው፤ የእያንዳንዱ ትንሽ ቅጠል ዳር እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ በጥርሱም ላይ ረዘም ያለ ለስላሳ ጠጉር ተሰልፎ ይገኛል። ሰው ኮሶን ከሌላው ከሚለይባቸው ምልክቶች ዋነኛው ይህ ዳር ነው። ብርሃኑም የበላው ይህንኑ ዳር ነበር።

«ምንም አይደል፥ ተመልሼ አነሣዋለሁ» አልሁ። ፈተና ነበረብንና ሳልሄድ 10 ቀን ያህል አለፈ። ስመለስ ከዛፉ የቀረው ጉቶው ብቻ ነው። ለልጃቸው ቤት መሥሪያ ቦታ ሲጠርጉ ቆርጠውታል። የቤቱ ባለቤት ድንጋጤዬን አይተው፥ «አብሽር ልጄ! ቀድመህ ብትነግረኝ እኮ አንድ ቅርንጫፍ አስቀርልህ ነበር» አሉኝ። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም። ዛፉ የራሳቸው ነው፤ ጉዳዩም የቤት ጉዳይ ነው። እኔ ግን በእጄ ያሉትን 3 ፎቶግራፎች ለማዳን ቆርጬ ተነሣሁ፤ ለ2 ሳምንትም በኮምፒዩተር ላይ ታገልሁ። ነጩን ባጨልመው ግራጫ ሆነ፤ ቀለም ብቀባው ቀለም የተቀባ ነጭ ሆነ። አንድም ጥርስ አልተመለሰም። ይህ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ያነበብሁትንና የሞከርሁትን ነው የምነግራችሁ።

በመጀመሪያ ቅጠሉ ራሱ ምን ያደርጋል? ፀሐይ ከፊቱ ስትመታው የምናየው ከላዩ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን ነው። ከጀርባው ስትመታው ግን የምናየው ሰንጥቆት ያለፈውን ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ክሎሮፊል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ይወስዳል፤ ከአረንጓዴውና ከቢጫው ግን ብዙውን ያሳልፋል። ከጀርባው የበራ ቅጠል ያን የመሰለ የሚያበራ ለጋ አረንጓዴ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ሥሮቹ ወፈር ስለሚሉ ጠቆር ብለው ይታያሉ፤ እንደ ካርታ መንገድ አንድ በአንድ ለመቁጠርም ይመቻሉ። ቅጠል ከጀርባው ሲበራ ለማንሣት የምንጓጓው ለውበቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ዳሩ ግን ሌላ ነገር ነው። በኮሶ ዳር ላይ ያሉት ጠጉሮች ክሎሮፊል የላቸውም፤ ብርሃኑን ሳያጣሩ ወደ ዐይናችን ይበትኑታል። የገብስ ዛላ በማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲታይ ጭራው እንደ ወርቅ ክር እንደሚያበራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ይህም እንደዚያው ነው። ጠጉር የሌለው ቅጠልም ቢሆን አያመልጥም። የጌሾን ቅጠል ተመልከቱ። ላዩ አንጸባራቂ ነው፤ ዳሩ ትንሽ ጎበጥ ስለሚል ፀሐይ በጣም አጋድላ ትመታዋለች። አጋድሎ የሚመጣ ብርሃን ደግሞ ከለስላሳ ነገር ላይ እንደ መስተዋት ይነጥራል። በማታ የወንዝ ውኃ ላይ ዐይን የሚወጋው ብርሃን ከዚሁ የሚመጣ ነው።

ከዚህም በቀር ካሜራው የራሱን ይጨምርበታል። ሌንሱ ላይ አቧራ ወይም የጣት ወዝ ካለ ከኋላ ያለው የሰማይ ብርሃን ተበትኖ በቅጠሉ ዳር ላይ ይፈሳል። (ከቆሎ ጋር በአንድ ኪስ የሚከርም ስልክ ሌንሱ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱ። የእኔ እንደዚያ ነበር።) ሌንሱ ቀለማትን ሁሉ እኩል ስለማያጥፍ፥ ከነጭ ሰማይ ጋር በሚዋሰን ዳር ላይ አንዳንድ ጊዜ ሐምራዊ መስመር ይታያል፤ ቅጠሉ ሐምራዊ ሆኖ አይደለም። ሁሉን የሚያስገርመው ደግሞ ስልኩ ራሱ ዳር መሳሉ ነው። ሥዕሉ የጠራ መስሎ እንዲታይ ብሎ፥ ጨለማና ብርሃን በሚገናኙበት ድንበር ላይ የብርሃኑን ወገን ይበልጥ ያነጣዋል፤ የጨለማውን ወገን ይበልጥ ያጠቁረዋል። ስለዚህ በፎቶግራፍ ላይ የምናየው ነጭ ዳር ከፊሉ የቅጠሉ፥ ከፊሉ የአቧራው፥ ከፊሉም የስልኩ ሥራ ነው። በየትኛው እንደምናዝን ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም የነጣው ለምን እንደማይመለስ ነው። በካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር የሚባለው ክፍል ነው። በላዩ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጥቃቅን ቤቶች አሉ። እነዚህን በዝናብ ላይ እንደተደረደሩ ማድጋዎች አድርጋችሁ ቍጠሯቸው። ዝናቡ ሲያባራ በእያንዳንዱ ማድጋ የተጠራቀመውን ውኃ እንለካለን። ግማሽ የሞላው ግማሽ ነው፤ ሩብ የሞላው ሩብ ነው። እስከ አፉ የሞላውና የፈሰሰው ግን ምን ያህል ዝናብ እንደወረደበት አይናገርም። ጥቂት የፈሰሰውም ብዙ የፈሰሰውም አንድ ዓይነት ሙሉ ማድጋ ናቸው። በተለመደው ፎቶግራፍ ላይ ይህ ሙላት 255 በሚል ቍጥር ይጻፋል፤ ጨለማው 0 ነው። ቀዩም አረንጓዴውም ሰማያዊውም 255 ከሆኑ ነጭ ነው። የኮሶዬ ጥርስም፥ በጥርሶቹ መካከል ያለውም ክፍተት ሁለቱም 255 ነበሩ። በሁለት እኩል ቍጥሮች መካከል ልዩነት ከየት ይመጣል? እኔ ግን 2 ሳምንት ሙሉ ከፈሰሰ ውኃ ላይ ልክ ስፈልግ ነበር።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከ3ቱ አንዱ ብቻ ይሞላና ሌሎቹ ይቀራሉ። ይህ በብሳና ላይ በግልጽ ይታያል። የብሳና ቅጠል ከመርገፉ በፊት ብርቱካንማ ይሆናል። ከጀርባው ሲበራ ቀዩ ቤት ቀድሞ ይሞላል፤ ብርሃኑ በጨመረ ቍጥር አረንጓዴው ይከተላል፤ ቀዩ ግን መጨመር ስለማይችል ብርቱካኑ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ነጭ ስላልሆነ ምንም የጠፋ አይመስልም፤ ግን ሥሩ ሁሉ ተደምስሶ ቅጠሉ እንደ ተቀባ ካርቶን ይሆናል። በመስከረም የአደይ አበባን አንሥተው «ቢጫው ብቻ ነው የወጣው፥ ቅርጹ የት ሄደ?» ለሚሉ ጓደኞቼም መልሱ ይኸው ነው።

በድሮው ፊልም ዘመን ነገሩ ትንሽ ይለይ ነበር። የኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ እያደር እየደከመ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ የዚያን ዘመን አንሺዎች ለጥላው ለክተው ብርሃኑን ለፊልሙ ትዕግሥት ይተዉት ነበር። የዛሬው ካሜራ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል። ለብርሃኑ ለክቶ ጥላውን መተው ይሻላል፤ የጨለመ ነገር ውስጥ ትንሽም ቢሆን ውኃ አለና በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ይህ ችግር ግን ለአገራችን አዲስ እንዳይመስላችሁ። ከእኛ በስተሰሜን ምሥራቅ፥ ከበሽሎ ወንዝ ወዲህ ያለችውን መቅደላን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲመጣ፥ ከመሐንዲሶቹ ክፍል ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው መጥተው ነበር። የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው በመስተዋት ላይ መድኃኒት ቀብቶ፥ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ አግብቶ፥ ሳይደርቅም አጥቦ ነው። ያ መድኃኒት የሚያውቀው ሰማያዊውንና ከሰማያዊው በላይ ያለውን የማይታይ ብርሃን ብቻ ነው፤ አረንጓዴውን እምብዛም አያየውም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ፎቶግራፎች ላይ ሰማዩ ባዶ ነጭ፥ ዛፉ ደግሞ ጥቍር ሆኖ ይወጣ ነበር። የወሎ ደጋ ሰማይ ምን ያህል ሰማያዊ እንደሆነ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ያሳዝናል።

ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1856 እና በ1857፥ ጉስታቭ ለ ግሬ የተባለ ፈረንሳዊ በዚሁ ችግር ተቸግሮ ብልሃት አግኝቶ ነበር። ባሕሩን ለብቻ፥ ሰማዩን ለብቻ በ2 መስተዋት ያነሣና በወረቀት ላይ ሲያትም ያጋጥማቸዋል። ዛሬ ስልኮቻችን በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶግራፍ አንሥተው ከጨለማው ጨለማውን፥ ከብሩሁ ብሩሁን መርጠው የሚያጋጥሙት የእርሱን የመሰለ ሥራ ነው። በተራራ ላይ ጥሩ ይሠራል። በቅጠል ላይ ግን ነፋስ አለ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፎቶግራፍ መካከል ቅጠሉ ስለሚወዛወዝ 2 ዳር ያለው ቅጠል ይወጣል። በዚህ ላይ ብዙ እምነት አልጥልም።

እንግዲህ ጥቅምት ላይ ያጠፋሁት ምን ነበር? ካሜራ ዓለምን የሚለካው ሁሉም ነገር በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ነው። እኔ አንድ ብሩህ ቅጠል ከጥቍር ግድግዳ ፊት አስቀመጥሁለት። ከፎቶግራፉ የሚበዛው ጥቍሩ ስለሆነ ካሜራው «ጨለማ ነው» ብሎ ሁሉን ከፍ አደረገው፤ ግድግዳው ግራጫ ሆነ፤ ቅጠሉ ተቃጠለ። ቅጠሉን ከሰማይ ፊት ባደርገው ኖሮ ደግሞ በተቃራኒው «በጣም ብሩህ ነው» ብሎ ሁሉን ዝቅ ያደርገውና ቅጠሉ እንደ ከሰል ጠቍሮ ይወጣ ነበር። ጥቍሩ ግድግዳ ጠላቴ አልነበረም። እንዲያውም ከሁሉ የተሻለ ቦታ ነበር፤ ሰማዩን ከዳሩ ያርቅልኛልና። የጐደለው ካሜራውን «ተሳስተሃል» ብሎ ዝቅ የሚያደርገው ሰው ነው።

ይህንም ማድረግ ቀላል ነው። በስልኩ መስተዋት ላይ የቅጠሉን ብሩህ ክፍል በጣት መንካት፥ ከዚያም የፀሐይ ምልክቱን ወደ ታች መሳብ። ደረጃ ያለው ካሜራ የያዘ 1 ወይም 2 ደረጃ ዝቅ ያድርግ፤ 1 ደረጃ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ሂስቶግራም የሚባለውን የተራራ ቅርጽ የሚያሳይ መሣሪያ ካለ፥ ተራራው በቀኙ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ እንዳይቆም መጠበቅ ነው። ፀሐይዋን ራሷን ከግንድ ጀርባ መደበቅ፥ ሌንሱን በእጅ መጋረድ፥ ከሁሉ በፊት ሌንሱን መጥረግ። የቅጠሉ ፊት በጣም ከጠቈረ ነጭ ወረቀት ወይም የእናትን ነጠላ ከፊት ለፊቱ ዘርግቶ ብርሃኑን መመለስ ይቻላል። እናቴ በዚህ ምክንያት ከእኔ ጋር ጫካ ለጫካ መዞር ጀምራለች።

ነጠላ ካነሣሁ አይቀር ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። በጥምቀት ዕለት እናቶቻችንን ፀሐይ በጀርባቸው አድርገን ስናነሣ ነጠላቸው በርቶ፥ ፊታቸው ጠቍሮ ይወጣል። ፊቱን ለማብራት ብለን ከፍ ስናደርገው ጥበቡና ቋጩ ይጠፋል፤ ነጠላው የነጭ ደመና ቍራጭ ይሆናል። ጥበቡን ስንት ቀን ተቀምጠው እንደሠሩት የሚያውቁ ሸማኔዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉን ይሆን? እዚያም ያው ነው፤ ለነጠላው ለክታችሁ አንሡ፤ ፊቱን በኋላ ታበሩታላችሁ። ወይም ጥላ ፈልጉ።

ደጋችን ለዚህ ሥራ አስቸጋሪ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች፥ ከበላያችን ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ፀሐዩ ይበረታል፤ በአየር ተበትኖ ወደ ጥላ የሚገባው ብርሃን ግን ያንሳል። በሚያዝያ 10 ገደማና በነሐሴ 19 ገደማ ደግሞ ፀሐይ በቀትር ልክ በአናታችን ላይ ትቆማለች። ነሐሴ ክረምት ስለሆነ አይታይም፤ በሚያዝያ ግን ከዛፍ ሥር ቆሞ ቀና ያለ ሰው በቀትርም ከጀርባው የበራ ቅጠል ያገኛል። አንገት ያማል እንጂ ጥሩ ነው። እኔ የምመርጠው ግን ስስ ደመና ያለበትን ጧት ነው።

በጥር ወር ከክበቡ ጋር ወደ ቦረና ሳይንት ሄደን፥ ደንቆሮ ጫካ ውስጥ ኮሶ አገኘን። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ለማየት ሁሉም ሲሮጥ እኔ ከኮሶው ሥር ቀረሁ። ከኋላው ጥላ ያረፈበት ገደል ነበር። 2 ደረጃ ዝቅ አድርጌ አነሣሁት። በስልኩ ላይ ጨለማ ሆኖ ስለታየ ጓደኞቼ «ይኸ ደግሞ ምንድር ነው? ሌሊት ነው?» ብለው ሣቁብኝ። በኮምፒዩተር ላይ ቀስ ብለን ጨለማውን ስናነሣው ግን ጥርሶቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይም ጠጉሩ። የባዮሎጂ መምህራችን በእርሳስ እየጠቈሙ 31 ጥርስ ቈጠሩና ምንም ሳይሉ መነጽራቸውን አወለቁ።

ያ ፎቶግራፍ በመውጫው በር አጠገብ ለብቻው ተሰቅሏል። በአራተኛው ቦታ ያልሰቀልሁት የኤግዚቢሽኑ አርእስት ስለ ከተማችን ግቢዎች ስለሚናገር ነው፤ የደንቆሮው ኮሶ የዚያ ግቢ ኮሶ አይደለም። የቤቱ ባለቤት ዛሬ መጥተዋል፤ ባዶውን ቦታ አይተው «የእኔው ነው አይደል?» ብለው ጠይቀውኛል። አዎን፥ የእርስዎ ነው።

አሁን 10 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፀሐይ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ብሳና ውስጥ ታልፋለች፤ ብርቱካንማ የሆኑ ሦስት አራት ቅጠሎች በታችኛው ቅርንጫፍ ላይ አሉ። ስልክ ያላችሁ ሌንሱን ጠርጋችሁ ኑ፤ እናቶችም ነጠላችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል።